ከሰባተኛው ገጽ ለመጀመሪያው ገጽ አለቃ

ለተከበሩ የፍለጋ ድረ ገጹ የደረጃ አሰጣጥ ክፍል የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማይቋረጥ መብራት እመኝልዎታለሁ። ሰው ይሁኑ ማሽን እስከ ዛሬ የነገረኝ ባይኖርም፣ ጤና መመኘት ለማንም ነውር የለውም ብዬ ነው። ወገብዎን የሚያምዎ ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሩኝ፤ የብዙ ሰው ወገብ የሚታመመው ከእግር ስለሆነ በሙያዬ ልረዳዎት እችላለሁ።

እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ እርስዎ በመጀመሪያው ገጽ የሚደረድሩትን ዓይነት ግን አይደለሁም። አንድ እግራቸው ከሌላው ለሚያጥርባቸው ሰዎች፣ አጭሩን እግር ከረጅሙ የሚያስተካክል ጫማ እሠራለሁ። ሙያውን ከአባቴ ተምሬ፣ በፋርማሲውና በፎቶ ቤቱ መካከል ባለች ባለ አንድ በር ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወንበሬ ጀርባ የደንበኞቼ ፎርማ፣ ማለትም በእግራቸው ልክ የተጠረበው እንጨት፣ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፏል። ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍበትም፤ አባቴ የሰው ገመና መደርደሪያ ላይ አይሰጣም ይል ነበር።

ቀድሞ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በአጥንት ሐኪሙ በኩል ነበር፤ አድራሻዬን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይልክልኛል። እሱ ጡረታ ወጣ። በቦታው የመጣችው ወጣት ሐኪም፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ታካሚዎቿን ስልካችሁ ላይ ፈልጉ ትላቸዋለች። እኔና እርስዎ የተዋወቅነው እንግዲህ በዚህ ነው፤ ትውውቅ ከተባለ። ደንበኛ ስለጠፋ ሱቄ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል፤ ሳልሰናበትዎት መሄድ ብልግና ስለመሰለኝ ይህን በአደባባይ ጻፍኩልዎት። አቤቱታ አይበሉት፤ አቤቱታ ለሚሰማ ነው የሚቀርበው።

አንደኛ፣ ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ፣ አሠልጣኙ ካርታው ላይ የሌለ ሱቅ እንዳልተከፈተ ይቆጠራል ሲለን፣ ከጎኔ የተቀመጠው ቁልፍ ሠሪ እኛማ ካርታው ሳይሠራም ነበርን ብሎ አጉረመረመ፤ እኔ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ተመዘገብኩ። እርስዎም ሱቁ በእርግጥ መኖሩን ለማጣራት የምስጢር ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ላኩልኝ፤ ደብዳቤው ሲደርስ የቁጥሩ ጊዜ አልፎ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ደብዳቤ፣ ከስምንት ወር በኋላ፣ መኖሬ ተረጋገጠልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ማረጋገጫ በድፍረት ለኖርኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶግራፎቼ። ጥሩ ፎቶ ያለው ሱቅ ወደ ላይ ይወጣል ስለተባልን፣ ጎረቤቴ ፎቶ አንሺው የምኮራባቸውን አራት ጥንድ ጫማዎች ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ አነሳልኝ። የአንዱ ሶል አንድ ጣት ቢወፍር የጓደኛው ሦስት ጣት ይወፍራል፤ ሥራው እኮ እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ደጄን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው ከአምስት ኮከብ አንዷን መጽውቶኝ፣ ከሥሯ «ጥንዱ አይመሳሰልም፤ ሥራ አይችሉም» ብሎ ጻፈ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ጠቃሚ አስተያየት ነው ብለው አጸደቁለት። እንዲነሳልኝ ባመለክት፣ ከመመሪያዎ ጋር እንደማይጋጭ በትሕትና ተነገረኝ። ሰውየውም አልዋሸም፤ ጥንዱ አይመሳሰልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘመዶቼ። ይህ ጥፋት የእኔ ስለሆነ አልክድም። ታናሽ እህቴ የአንዷን ኮከብ ነገር ስትሰማ ደሟ ፈላና፣ አንድ እሑድ ቤተሰቡን ሁሉ ሳሎኗ ሰብስባ፣ አሥራ ሰባት ሰው በእሷ ኢንተርኔት በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲያመሰግነኝ አደረገች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው መቼም። ባሏ ጫማውን ትቶ ጠባዬን አወደሰ። አክስቴ አምስት ኮከብ ስጪ ብትባል፣ ሰው እንዳይታዘበን ብላ ሦስት ሰጠች። እርስዎም ማጭበርበር ነው ብለው ሁሉንም ጠራርገው፣ ከአራተኛው ገጽ ወደ ሰባተኛው ሰደዱኝ። ፍርድዎ ትክክል ነበር፤ አንዲት ነገር ብቻ ሳታልፍዎት አልቀረችም። እህቴ የመደርደሪያዬ ቁጥር አንድ ናት። አባታችን ተራውን ጫማ ትቶ ይህን ሥራ የጀመረው፣ በስድስት ዓመቷ ስታነክስ ማየት አቅቶት ነው። ከአሥራ ሰባቱ መካከል አርባ ሦስት ዓመት በዚህ ጫማ የሄደች ሰው ነበረች፤ እሷንም ከሐሰተኞቹ ጋር ደመሯት።

አራተኛ፣ እውነተኛ ደንበኞችዎ ይጻፉልዎ ብለው ስለመከሩኝ። ክቡርነትዎ፣ የእኔ ሥራ አማረ የሚባለው ማንም ሳያውቀው ሲቀር ነው። ደንበኞቼ ሲወጡ ግራ ቀኙን አይተው ነው የሚወጡት። አንዲት አስተማሪ አለችኝ፤ ባሏ እንኳ ነገሩን ያወቀው ሁለተኛ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ነው። ቢቸግረኝ እሷን ጠየቅኋት፤ ስምሽን ደብቀሽም ቢሆን ሁለት መስመር ጻፊልኝ አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ፤ እሺ ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ደጋግ ሰዎች በዝምታ የሚያመሰግኑትን ሱቅ፣ የጩኸቱን ብዛት ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ሚዛን ፊት አቁሜ፣ የሰው ገመና ልቸረችር ነበር። በዚህ አፍራለሁ፤ እርስዎን አይደለም፣ ራሴን ነው።

አምስተኛው ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ተረከዙ የተነቀለ የራሷን ጫማ ይዛ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇን አስከትላ፣ ፎቶ አንሺው ጠቁሟት መጣች። ልጅቷ ስትገባ አየኋትና የእናቲቱን ተረከዝ ረሳሁት። ሁለቱንም እግሯን ለካሁ፤ የሁለት ጣት ልዩነት አላቸው። እናቲቱ ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ ለምን ታነክሳለች» እያለች ስትጠይቅ የኖረችው እርስዎን ነበር። እርስዎም አልነፈጓትም፤ ማግኔት ያለው ካልሲ፣ እግር የሚያስረዝም ስፖርት፣ ማወቅ ያለብዎ አሥር ምልክቶች፣ ሁሉንም በየተራ ሰጥተዋታል፤ እሷም ሁሉንም በየተራ ሞክራለች። እኔ ደግሞ አሠልጣኙ እንዳዘዘኝ ገጼ ላይ «የእግር ርዝመት ልዩነት ማስተካከያ ጫማ» ብዬ ተራቅቄ ነበር፤ የጨነቃት እናት በዚህ ቋንቋ እንደማትጠይቅ ማወቅ ነበረብኝ። ወደ ወጣቷ ሐኪም ላክኋቸው፤ እሷ እንዳለችው የልጅቷ አከርካሪ መጉበጥ ጀምሯል፤ ጫማው ባለበት ያቆመዋል እንጂ አይመልሰውም።

ጫማው ሲያልቅ ልጅቷ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰችና፣ እንደገና መሄድ ይፈቀድልኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ እኛ እኮ እዚሁ ከጀርባችሁ ነው የምንኖረው፣ ከኩሽናችን መስኮት ጣሪያችሁ ይታያል፣ እያለች ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። እርስዎ መልስ የማያጡ ነዎትና ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስድስት ገጽ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
መኖሯ በሦስተኛው ደብዳቤ የተረጋገጠላት ጫማ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ገጼ ላይ «ይህ ሱቅ ተዘግቷል?» የሚል ቁልፍ አየሁና እስከ ወሩ መጨረሻ ምን አስጠበቀኝ ብዬ ተጫንኩት። ፖስታ አልተላከም፣ ቁጥርም አልተጠየቅሁም፤ ስልኩን ሳላስቀምጥ አመኑኝና ስለ ትብብሬ አመሰገኑኝ። እግዜር ይስጥልኝ። የልጅቷ እግር ገና እያደገ ስለሆነ ይህ ጫማ ለከርሞ ይጠባታል፤ እናቷም ያንኑ ጥያቄ ይዛ ተመልሳ ወደ እርስዎ ትመጣለች። ፎርማዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ፤ ቁጥሩ ስልሳ ሁለት ነው። ያኔ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የሚያስቀምጡት ማንም ይሁን ማን፣ እባክዎ፣ ሁለቱንም እግሯን የሚለካ ይሁን።