ኦራላችን ሳይቆረጥ ስለመውጣቱ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮልፌ ቀራኒዮ

ጉዳዩ፦ በእናንተው ትእዛዝ የሠራሁትን ግንብ ለአንድ ቀን እንድከፍት እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ወለተጻድቅ ተክለሃይማኖት፣ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል ሲኬድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር ነዋሪ ስሆን፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በማስቀደም የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1. በግቢዬ የቆመው ኦራል የጦር ሠራዊት የጭነት መኪና የነበረ ሲሆን፣ ከመንግሥት ጨረታ በሕጋዊ መንገድ ተገዝቷል። ሊብሬው በስሜ ነው። የወታደር ቀለሙን ፍቀን ሰማያዊ ቀብተነዋል። ባለቤቴ አቶ መዝገቡ ከገዛነው ጀምሮ እየጠገነው ነው። ሠራተኞቻችሁ በመጡ ቁጥር የሚያነጋግሩት እሱን ነው። እሱ ግን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ይህን ማመልከቻ እሱ ቢጽፈው ኖሮ በይቅርታ ተጀምሮ በይቅርታ ያልቅ ነበር። ስለዚህ እኔ ጻፍኩ።

2. መኪናው ሲገባ አጥራችን ቆርቆሮ ነበር። አንዱን ጎን ነቅለን አስገባነው፣ መልሰን ተከልነው። ከዚያ ጽሕፈት ቤታችሁ በመንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ አጥር ሁሉ በግንብ ይተካ ብሎ አዘዘ። መኪናው መቆሙን እያያችሁ የበሩን ስፋት ለክታችሁ ሰጣችሁን። ባለቤቴ "በዚህ እኮ አይወጣም" ብሎ ተናግሮ ነበር። የተሰጠው መልስ "ይሄ ደግሞ የት ሊሄድ ነው?" የሚል ነው። ገነባን።

3. በዚህ ወር መጀመሪያ ደግሞ "የማይንቀሳቀስ ቁርጥራጭ ብረት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይውጣ" የሚል ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ። ግንቡን ልክፈት ብዬ ስመጣ፣ ያለ ፈቃድ ግንብ ማፍረስ ያስቀጣል ተባልኩ። እንግዲያው ፈቃድ ስጡኝ ስል፣ ለመኪና ተብሎ ፈቃድ አይሰጥም ተባልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሠራተኛችሁ፣ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ "እማማ፣ በጋዝ ያስቆርጡትና ለቆራሌው ሰጥተው ይገላገሉ" ሲል መከረኝ። ምክሩን አልቀበልም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

4. ግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን፣ የሠራዊቱ ሾፌር የነበረው ባለቤቴ በዚሁ ኦራል የወታደር ሚስቶችንና ልጆችን ጭኖ ከካምፕ ወጣ። እኔም የመውለጃዬ ቀን ደርሶ ከኋላ፣ በዱቄት ጆንያዎች መካከል ነበርኩ። ምጡ መንገድ ላይ መጣ። ሴቶቹ ሸራውን ዘግተው ከበቡኝ። ከኋላችን ተኩስ ስለነበር መዝገቡ ማቆም አልቻለም፤ ጩኸቴን እየሰማ፣ እያለቀሰ ነዳ። ልጃችን ምህረት መኪናው እየሄደ ተወለደች። አዲስ አበባ እንደደረስን እኛን አውርዶ መኪናውን አስረከበና በእግሩ ወደ እኛ መጣ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጨረታ ሜዳ ላይ፣ ጎማው ወልቆ ሣር በቅሎበት አገኘው። መወጣጫው ላይ ያኔ ሲነዳው ራሱ የበየደውን ብረት ዳስሶ ነው ያወቀው። ሌሎቹ ተጫራቾች የመጡት ቆርጠው በኪሎ ሊሸጡት ነበር። እኛ ያለንን አሟጠን ገዛነው። ሰው የተወለደበትን ቤት ለልጆቹ ያሳያል፤ የእኔ ልጅ የምታሳየው ይህንን ነው። የልደት ካርዷ ላይ አዲስ አበባ ተብሎ የተጻፈው ጸሐፊው "መኪና" ብሎ መጻፍ ስላፈረ ነው። ይህን መኪና አስቆርጪ ሲሉኝ አንጀቴ ነው የሚቆረጠው፤ ደብቄ አልናገርም።

5. "የማይንቀሳቀስ" የተባለውም ልክ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ሞተሩ ተነሥቷል። ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ተሠርቷል። ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ሄዶ ጌሾዬን ገጭቶብኛል። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዙቤዳ ያጠበችው ልብስ በጢሱ እንደጠቆረባት ነግራኛለች። እውነቷን ነው፤ ደግሜ አጥቤ መልሼላታለሁ። እሷ አልከሰሰችንም።

ስለሆነም የምለምነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ግንቡን በራሴ ወጪ ከፍቼ መኪናውን አወጣለሁ፣ መልሼም እገነባለሁ። ማቆሚያ አላጣንም፤ አየር ጤና ጋራዥ ያለው ወንድሜ ደመቀ ቦታ ሰጥቶናል።

ይህ ካልተፈቀደልኝ ግን የሚሆነውን ከወዲሁ ላሳውቅ። ቀኑ የሚያበቃው የፊታችን ዓርብ ነው። ጋዝና መቁረጫ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ካለ፣ እኔን ከኋላ፣ እዚያው በወለድኩበት ቦታ ተቀምጬ ያገኘኛል። ምህረት ጋቢና ውስጥ ከአባቷ ጎን ትሆናለች። ሞተሩ ይነሣል። መዝገቡ ያኔ በተኩስ መሐል አልቆመም፤ አሁን ለአንድ ግንብ ብሎ አይቆምም። ኦራል ደግሞ የተሠራው መንገድ ለሌለበት ነው።

ፈቃዱን ከዓርብ በፊት ቢሰጡኝ ለግንቡም ይሻለዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ወለተጻድቅ ተክለሃይማኖት
(ፊርማ)