በኖፓ ሜዳ ማንም አልቀረም

ማክሰኞ፣ ጥር 7

የስልክ ቀን። ስድስት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን፣ ስድስት አሰልጣኝ፣ አንድ ቅጽ።

ታኅሣሥ ላይ የጥናቱ መሪ ዶክተር ዮፍታሄ የቡድኖቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ባርኔጣው ውስጥ ከቶ እጣ አወጣ። ኖፓን ጨምሮ ሦስቱ ከልምምድ በፊት የኛን የአሥራ አምስት ደቂቃ ማሟሟቂያ ይሠራሉ... በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ በቀስታ ማረፍ፣ ጭን ማጠንከር። ሦስቱ እንደለመዱት ይቀጥላሉ። ግንቦት ላይ የትኞቹ በብዛት እንደተጎዱ ይቆጠራል። ጥናቱ ይኸው ነው። ባርኔጣው ግን እስካሁን ቢሮ ተሰቅሏል፣ ለበረከት ይመስል።

ቅጹ ጉዳት የሚለው ቢያንስ አንድ ልምምድ ወይም ጨዋታ ያስቀረን ሕመም ነው። ስለዚህ በስልክ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ። ማን ቀረ?

መቱ፣ ሁለት። ዳሪሙ፣ አንድ፣ ቁርጭምጭሚት። ኖፓ...

"ጋሼ ኪቲላ፣ በዚህ ሳምንት ማን ቀረ?"

"ማንም! ሁሉም ተገኝተዋል ሲስተር።"

ዜሮ። (ፊዚዮቴራፒስት መሆኔን ማን ይስማኝ። ነጭ የለበሰች ሁሉ ሲስተር ናት።)

በደንቡ በየሁለት ሳምንቱ ሜዳ ወርጄ በዓይኔ ማየት አለብኝ። የመቱዎቹን አያለሁ፣ ቅርብ ናቸው። ኖፓ ከታኅሣሥ ወዲህ አልሄድኩም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ቀን፣ አቧራው ሌላ ግማሽ ቀን። ሜዳ ወርጄ አይቻለሁ የሚለው ፊርማዬ ግን በየሳምንቱ ሄዷል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ዶክተር ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ኖፓ፣ ስምንት ሳምንት፣ ስምንት ዜሮ። በቀይ ከበበው።

"መታሰቢያ፣ ይቺን አየሻት? ኖፓ ተአምር ናት!"

"ተአምር የቤተ ክርስቲያን ነው ዶክተር።"

ሳቀ። ግንቦት መጨረሻ ጅማ ላይ ያቀርበዋል። ሱፍ አስለክቷል ይባላል፣ ግራጫ። ካርድ ክፍል ያሉት ሴቶች ቀለሙን ሳይቀር ያውቃሉ።

ደስ ብሎት ዘሎ ማረፉን ለሠራተኛው ሊያሳይ ዘለለ። ሲያርፍ ፊቱ ተቀያየረ። ቀኑን ሙሉ በግድግዳ በግድግዳ ሲሄድ ዋለ። "አመምዎት እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው "ምንም አይደለም" አለኝ። የጉዳት ተመራማሪ...

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

መብራት የለም። ለእብጠት የምይዘው በረዶ ቀለጠ። ኖፓ ዜሮ።

እሁድ፣ መጋቢት 8

ኖፓ መቱ መጥተው ተጫወቱ፣ ሁለት ለአንድ አሸነፉ። ሁለቱንም ያገባችው ዬሮሳን የምትባል አጥቂ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አፍ የምታስከፍት ልጅ ናት። ሚያዝያ 6 ከአዲስ አበባ አንድ ክለብ ተጫዋች ሊመርጥ እዚሁ መቱ ይመጣል፣ ሰዉ ከወዲሁ "እሷን ይዟት ይሄዳል" ይላል።

ግን አንድ ነገር። ወደ ግራ እንደ ወፍ ትታጠፋለች። ወደ ቀኝ ግን በሦስት አራት እርምጃ፣ አውቶቡስ ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞረው።

ሲጨርሱ እጅ ልጨብጥ በመካከላቸው አለፍኩ። ቅቤ ሸተተኝ። ለጋ ቅቤ አይደለም፣ የቆየ። ጾም በገባ በሰባተኛው ቀን የቅቤ ሽታ ለአፍንጫዬ ጥሩምባ ነው። ጴንጤዎች ናቸው፣ አይጾሙም አልኩ ለራሴ። ግን ቅቤ በጉልበቱ የሚበላ ማን አለ? ሽታው ከካልሲ በላይ ነው። ከሦስት ልጆች... አንዷ ዬሮሳን።

"ጉልበትሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ሲስተር።" ፈገግ ብላ ወደ መኪናው። ደረጃውን በግራ እግሯ ብቻ ወጣች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

አልደወልኩም። ሄድኩ።

ኖፓ ሜዳ ስደርስ አሥራ አንድ ልጆች ማሟሟቂያውን ይሠራሉ። እንከን አይወጣለትም፣ እኔ ራሴ እንዲያ አልሠራውም። አምስቱ ግን ዳር ባለው ግንድ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ታኬታ አድርገዋል፣ ክሩ ታስሯል። ዬሮሳን በመካከል።

ጋሼ ኪቲላ ደብተሩን ዘርግቶ ስም ጠራ። ሜዳ ውስጥ ያሉትም ግንድ ላይ ያሉትም "ጂራ!" ይላሉ፣ አለሁ ማለት። አሥራ ስድስት ስም፣ አሥራ ስድስት ጂራ።

"እነዚያ ለምን ተቀመጡ?"

"ትንሽ ትንሽ ያማቸዋል።"

"ታዲያ ማንም አልቀረም ይሉኝ የለም?"

ገረመው። "ማን ቀረ? ይኸው አሉ! ሲስተር፣ እኛ ቤት የታመመ ቤቱ አይቀርም። ጫማውን አስሮ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል። ልጅ ብቻዋን ቤት ከዋለች ልቧ ይሞታል። ሜዳ የመጣ ተገኝቷል።"

"እሁድስ?"

"እሁድ የቻለች ትገባለች።"

ሰውዬው አልዋሸም። ማን ቀረ ብዬ ጠየቅኩት፣ ማንም አለኝ። ማን ታመመ ብዬ ጠይቄው አላውቅም... ሦስት ወር ሙሉ።

ቅቤውን ተከትዬ ወጌሻዋ ቤት ሄድኩ። እትዬ ተጂቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ቀጭን ሴትዮ፣ ጣቶቻቸው ግን የብረት። በጣታቸው ቆጠሩልኝ። "ከገና ወዲህ ዘጠኝ። አራት ቁርጭምጭሚት፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ትከሻ፣ ሁለት ጉልበት።" ስም ከነቀኑ፣ ያለ ወረቀት። እኔ በአራት ቅጂ ቅጽ ዜሮ።

"የዬሮሳንንም እርስዎ ነዎት የሚያሹት?"

"እሷን? ቅቤውን ራሷ ነው የምትቀባው። አንዴ ዳሰስኳትና እጄን አነሳሁ። አጥንት ቢሆን እመልሰው ነበር ልጄ። ውስጥ የተበጠሰ ነገር ግን የኔ አይደለም። መቱ ሂጂ አልኳት። እዚያማ ይመዘግቡኛል አለችኝ።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

እትዬ ተጂቱ አስገድደው ይዘዋት መጡ። ክሊኒክ አልገባም ብላ በር ላይ ስታንገራግር "ግቢ፣ አይበሉሽም!" ብለው ከኋላ ገፏት።

አስተኛኋት። ጭኗን ይዤ ቅልጥሟን ወደፊት ሳብ አደረግኩ። ጤነኛ ጉልበት አንድ ቦታ ቀጥ ይላል፣ ጅማቱ ሲወጠር እጅ ላይ ይታወቃል። የሷ አልቆመም። እንደ ላላ መሳቢያ ወጣ።

"ያምሻል?"

"ጢቆ።" ትንሽ ማለቷ ነው።

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

"ከጥምቀት በፊት ባለው እሁድ። ስዞር ቋ አለ። ጓደኞቼ ሁሉ ሰሙት።"

ከጥምቀት በፊት ያለው እሁድ ጥር 5 ነው። ጥር 7 ዜሮ ጽፌአለሁ። በሁለተኛው ቀን።

ያኔ ብትታይ ጅማቱ ያው ተበጥሷል፣ ያንን አልመልሰውም ነበር። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ ግን ያኔ ደህና ነበር ይሆናል። አሁን ጉልበቷን ሳጥፈው አንድ ነገር ይይዘኛል። በሁለት ወር ጨዋታ እየተፈጨ...

ነገርኳት። ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ቢያንስ ዘጠኝ ወር። ከተጫወተች ትራሱ ያልቃል፣ በሠላሳ ዓመቷ ደረጃ መውጣት ጭንቅ ይሆንባታል። አዳመጠችኝ። አላለቀሰችም።

"ሲስተር፣ እስከ ሚያዝያ ስድስት ብቻ ዝም ይበሉልኝ። ካዩኝ በኋላ የፈለጉትን ይጻፉ። ደግሞ አይመጡም እኮ! ኖፓ ማን ይመጣል?"

እትዬ ተጂቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ወደ ወረቀቱ። ገና ስንጀምር ያስፈረምኳት ወረቀት "ያለ ፈቃድሽ ሕመምሽን ለማንም አንናገርም" ይላል። ለአሰልጣኟ መንገር አልችልም። ጉልበቱ የሷ ነው። ዜሮው ግን የኔ ነው።

እሁድ፣ መጋቢት 15

ለዶክተር ዛሬም አልነገርኩም። ነገ።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ነገርኩት። ቆሜ።

ዶክተር መጀመሪያ አልገባውም። "የኖፓው ዜሮ..." "ዜሮ አይደለም ዶክተር። ዘጠኝ ነው። አልሄድኩም፣ ሄጃለሁ ብዬ ፈረምኩ።" ከግድግዳው ላይ ሰንጠረዡን አወረደ፣ ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞ ተነሳ።

"ሌሎቹስ?"

"መቱ ያሉትን ሁለቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አራቱ በስልክ።"

"ይኼ ጥናት አይደለም። የስም ጥሪ ነው!"

ጮኸ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ፣ ካርድ ክፍል አሁን የሱፉን ወሬ ትቶ የኔን ይዟል። ተገቢ ነው። ከዚያ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን እያየ።

"ስድስቱንም እንደገና። በእግርሽ። አሰልጣኙን ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዷን ልጅ፣ ወጌሻውንም።"

"እሺ።"

"ለጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ ራስሽ ትጽፊያለሽ።"

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

አሥራ አምስት ቀን በሚኒባስ፣ በሞተር፣ ዳሪሙ ደግሞ በእግር። ጥያቄው ሌላ ነው አሁን። የት ያምሻል? ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ አንዷ ካልሲዋን ታወርዳለች፣ ከዚያ ሁሉም።

ማሟሟቂያውን የሚሠሩት ሠላሳ አንድ ጉዳት። የማይሠሩት ሠላሳ ስምንት። ቁርጭምጭሚት ትንሽ ይሻላል፣ ጉልበት ያው። ይረዳል? ምናልባት። ተአምር የለም።

ኮሚቴው መለሰ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከነማህተሙ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ዶክተር ጠዋት ጠዋት "ሻይ እንጠጣ" ይለኝ ነበር። አሁን አይለኝም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4

ኖፓ። ዬሮሳን ግንዱ ላይ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለመምከር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ይልቅ የጥር 7ን ቅጽ አውጥቼ ሰጠኋት። የሷ ቡድን፣ ዜሮ፣ የኔ ፊርማ።

ደጋግማ አነበበችው።

"መጥተው ነበር እንዴ?"

"አልመጣሁም።"

"ውሸት ነው?"

"ውሸት ነው።"

ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። "እኔ ደግሞ እርስዎን ፈርቼ ነው የደበቅኩት!" ቆይታ ግን ፊቷ ረጋ። "ሲናገሩ ምን አሉዎት?"

"ተቆጡ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ።"

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ምን እንደምትወስን አልጠየቅኳት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 6

መቱ ስታዲየም። መራጮቹ ሁለት፣ ጥቁር መነጽር፣ ደብተር። ሰዉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። "ዬሮሳን! ዬሮሳን!" ይላል።

ጋሼ ኪቲላ ልጆቹን አሰልፎ ስም ጠራ። ጂራ፣ ጂራ፣ ጂራ...

"ዬሮሳን!"

"ጂራ።" ታኬታዋን አስራለች። መራጮቹም እንዲሰሙ በአማርኛ ጨመረች። "እኔ አለሁ። ጉልበቴ ግን አልመጣም።"

ሳቅ ተነሳ። ከዚያ ቆመ። ጋሼ ኪቲላ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ፣ የትኛው ላይ ምልክት እንደሚያደርግ የጠፋው መሰለኝ። በመጨረሻ እጇን ይዞ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ወሰዳት፣ ጃኬቱን አውልቆ ጭኗ ላይ ጣለላት። ዘጠና ደቂቃ ከወንበሯ አልተነሳችም። ስትጮህ የነበረችው ግን ከሁሉ በላይ እሷ ናት። "ወደ ግራ! ወደ ግራ ስጫት!"

የመቱዋን ተከላካይ መረጡ። ዬሮሳንን ስሟን እንኳ አልጻፉም። አንዱ መራጭ ሲያልፍ "የቷ ናት ጉልበቷ ያልመጣው?" አለ። ይኸው ነው።

ስንወጣ አጥሩ ሥር አገኘኋት። ያን ጊዜ አለቀሰች። እትዬ ተጂቱ ጉልበቷን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውላት ነበር፣ እንደሚበርደው ሰው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ዝናብ። የኖፓ መንገድ ጭቃ ነው፣ ሚኒባሱ አይሞላም።

ዶክተር ከጅማ ተመልሷል፣ በግራጫው ሱፍ። ያቀረበው ማሟሟቂያው ስለሠራው ተአምር አልነበረም። ስንት ጉዳት አጠገባችን ተቀምጦ ሳናየው እንዳለፈ ነው። አንድ ፕሮፌሰር "እኛም ጋ ይኖራል እንዴ?" ብለው ጠየቁ አለኝ። ሻይ አሁንም የለም። ግን ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያነክስ ደረስኩበት።

"አመምዎት?"

ዙሪያውን አየ። "ከየካቲት ጀምሮ" አለ። አልጋው ላይ አስተኛሁት። ጅማት አይደለም፣ የተኮማተረ ባት። የሁለት ሳምንት ሥራ። ጻፍኩለት።

ዬሮሳን ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ የቀዶ ጥገና ተራ አላት። እስከዚያ ኖፓ ሜዳ ግንዱ ላይ ናት፣ ታኬታዋን አስራ። ቆጠራው ተራዝሟል፣ ለቅጹ አሁን የምትቆጥረው እሷ ናት። እያንዳንዷን ትጠይቃለች፣ እትዬ ተጂቱንም። አራት ሰዓት ላይ ደወለች።

"ሲስተር፣ ይጻፉ። ቁርጭምጭሚት ሁለት። ጣት አንድ። ጉልበት አንድ።"

"የማን ጉልበት?"

"የኔው ነዋ! ሌላ ማን አለ?"

"ያምሻል?"

"ጢቆ።" ቆየችና፣ "አይ... ዛሬ በጣም። ዝናብ ነው መሰለኝ። በጣም ይበሉ።"

በጣም አልኩ። ኖፓ፣ አራት። ከታች ያለውን የፊርማ ቦታ ክፍት ተውኩት። ፊርማዬ ሐሙስ ይሄዳል፣ ከእኔ ጋር። ቦት ጫማውን በር ላይ አውጥቻለሁ።