ያንን ኪኒን እንዳትፈልጊው

አንቺዬ፣
ስትነሺ ዋጪው ያልኩሽን ኪኒን እንዳትፈልጊው፤ ይዤው ወጥቻለሁ።

የመሥሪያ ቤቴ ሐኪም በስልክ የምታክመው ሠራተኛውን ብቻ ስለሆነ፣ የጉሮሮሽን ሕመም የኔ ነው ብዬ ነገርኳት።
«የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ስትለኝ ግን ስለ ራሴ መለስኩ። የለም አልኳት።
ያዘዘችው ፔኒሲሊን ነው፤ ፔኒሲሊን ፊትሽን እንደሚያሳብጠው ትዝ ያለኝ አሁን ጫማዬን ሳስር ነው።

ክሊኒክ ሂጂ ብልሽ እምቢ ባትይ ኖሮ... ይሁን፣ ተይው።
ደግሞ የዋሸሁት አዝኜልሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። ማቃሰትሽ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው።

ደውዬ እውነቱን ነግሬያታለሁ። ተቆጣች፤ ቢሆንም አንቺን ሳላናግር አልውልም ብላለች። የምትደውለው ወደኔ ስልክ ስለሆነ ትራስሽ አጠገብ ትቼዋለሁ። ፔርሙሱ ውስጥ ሙቅ ውሃ አለ።
መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሉኝ ማታ እነግርሻለሁ።

«የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ስትልሽ፣ አደራ፣ አንቺው መልሺላት።