ባትሪዎቹ እንዳይሞቃቸው ስለምንጨልም ጎረቤቶች

ለተከበሩ የአካባቢያችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በቢሮዎ መብራት እንደማይጠፋ፣ ሊፍቱም እንደሚሠራ በዓይኔ ስላየሁ ለደኅንነትዎ አልሰጋም። እኛም ሲበራ ደኅና ነን።

ባለቤቴን ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ ብየዳ ያስተማረዎት፣ እርስዎም «ጋሼ» ሲሉት የኖሩት ሰው ነው። የብየዳው ጭስ ሳንባውን ስለጨረሰው ዛሬ የሚተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ሲሆን፣ ማሽኑም ያለ መብራት አይሠራም። አምና ቤታችን መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ቀን የሚተርፈውን ኃይል አጠራቅመው ማታ የሚሰጡ ትልልቅ ባትሪዎች ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ሊተከሉ መሆኑን ሲያስረዱን፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ አንድ ትንፋሽ አይጎድልብዎትም» ብለውት ነበር። እሱ አመነዎትና ሜዳው እንዲሰጥ ፈረመ፤ ሰፈሩም እሱን አይቶ ፈረመ፤ እኔም ቃልዎን ይዤ ጄኔሬተራችንን ሸጥኩ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የተጠራቀመው ኃይል በጣሪያችን ላይ አልፎ ወደ ሌላ ሰፈር እንደሚሄድና የእኛ መስመር ከባትሪዎቹ ጋር እንደማይገናኝ የተነገረን ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። የምርቃቱ ዕለት ደስታችን እንዳይደፈርስ አስበውልን ስለሆነ እናመሰግናለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የእኛዋ ላም ግን የምትታሰረው በደጃችን ነው።

፪. ባትሪ ሙቀት ስለማይወድ፣ ባትሪዎቹ የተቀመጡባቸው ኮንቴይነሮች ሌት ተቀን የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አሏቸው። ማቀዝቀዣዎቹ ኃይል የሚወስዱት ከእኛው ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ ሁለታችንንም መሸከም ሲያቅተው የሚቋረጠው የእኛ ነው። መሐንዲስዎ ባትሪ ከሞቀው እንደሚበላሽ በትሕትና አስረድተውኛል። ባለቤቴ ምን እንደሚሆን ግን አልጠየቁኝም።

፫. መብራት ሲሄድ ከጤና ጣቢያ የተዋስናትን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ከፍቼ ቱቦዋን አፍንጫው ላይ አድርጌ በካርቶን አራግብለታለሁ። ከአጥሩ ወዲያ የባትሪዎቹ ማራገቢያ ያለማቋረጥ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት ጆሮውን ወደዚያ አዘንብሎ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «ደግ ነው፣ እነሱስ ይተንፍሱ» አለኝ። ሲያሽሟጥጥ ቢሆን ኖሮ አብሬው እስቅ ነበር፤ ከልቡ ነው ያለው። ክቡርነትዎ፣ ከድተውናል፤ ከዚህ የለሰለሰ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ነው ነገሩ።

፬. አቤቱታ እንዳይመስልብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ላክል። ከኮንቴይነሮቹ በአንዱ ውስጥ ለአንድ ሰው አልጋ የሚበቃ ቦታ ቢፈቀድልን ምንኛ ደስ ባለን። ባለቤቴ ከስቷል፤ ብዙ ቦታ አይዝም። ከአንድ ባትሪ የበለጠ እንክብካቤም አይጠይቅም።

ለባትሪዎቹ ረጅም ዕድሜና ቀዝቃዛ አየር፣ ለክቡርነትዎም ተጨማሪ ሹመት እየተመኘሁ፣ በቤቴ «አንተ» ይባሉ የነበሩትን ሰው ዛሬ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

«እትዬ» ይሏት የነበረችው፣ የጋሼ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አላየውም። መብራት በሄደ ቁጥር፣ ትንፋሹ መለስ ሲልለት፣ ስለ እርስዎ «ልጁ አልሰማም እንጂ ቢሰማ አያስችለውም» ይለኛል። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሁሉንም እንደነገርኩዎት እስካሁን አልነገርኩትም።