የቤት መኪና ያልከው

ለወንድሜ ለብሩኬ ወልደሰንበት
ስዊድን

ወንድም ጋሼ፣ በጌታ ስም ሰላም ልበልህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ? እኔ፣ እማዬ፣ ባለቤቴ ማኑሄና ልጃችን ራዕይ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልለፈው ብል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የጠየቅኩህን ሁሉ ለወጉ ያህል የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ፤ የት እንደምትተኛ አውቄ ነው።

ስልክ ብደውል አታነሳም፣ ብታነሳም «ሁሉ ሰላም» ብለህ ትዘጋዋለህ። ድሮም ጥርስህን ሲያምህ ጉንጭህ እስኪያብጥ የማትናገር ሰው ነህ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ባለፈው ፋሲካ ደውለህ «የቤት መኪና ልገዛ ነው፣ ጸልዩልኝ» ያልከንን ታስታውሳለህ? እኛ እዚህ የቤት መኪና የምንለውን አልረሳኸውም መቼም፤ ታክሲ ያልሆነ፣ ሰው ለራሱ የሚነዳው ማለት ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ለራዕይ ሳይቀር አወራሁላት። እማዬ ግን ፊቷ ጠቆረ። አባባን ዓለም ባንክ ፌርማታው ላይ ታክሲ ሲጠብቅ የገጨው የቤት መኪና እንደነበር ላንተ አልነግርህም። «ልጄ መኪና እንዲነዳ አልፈልግም፣ ያውም በበረዶ» አለች። አንተን ላለማስከፋት ግን «እንጸልያለን» አለችህ።

ጸለየችም። የጸለየችው ግን እንዳትገዛ ነው። ረቡዕ ረቡዕ እየጾመች «ጌታ ሆይ፣ ይህን መኪና አስቀርልኝ» ስትል በግድግዳው በኩል እሰማት ነበር። ሰኔ ላይ፣ አዲስ ለሚገዛ ሰው ግብሩ ስለጨመረ ነገሩ እንደማይሆንልህ ስትነግረን፣ ስልኩን ለኔ አቀብላኝ እዚያው ተንበረከከች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ያለው ሲባል ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። ግብር ተጨመረበትና ልጄ መኪናውን ተወው፣ ጌታ ጸሎቴን ሰማ አለች። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የአክስታችን ልጅ ሔለን፣ ካንተው ከተማ ለሠርግ መጥታ፣ ቤታችን ምሳ በላች። እማዬ የመኪናውን ነገር አንስታ እየሳቀች ስታወራ ሔለን መብላቷን ተወች። «አክስቴ፣ እሱ እኮ ሊገዛ የነበረው ቤት ነው» አለች። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን መኪና እዚያ አገር በቋንቋቸው «የቤት መኪና» እንደሚሉት፣ አንተም ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ እንዳዞርከው ነገረችን። የተከራየኸውን ክፍል ልቀቅ ብለውህ እሱ ውስጥ ልትኖር ኖሯል። አሮጌው ሙሉ ክፍያ ስለሚጠየቅበት በየወሩ የሚከፈለውን አዲሱን መረጥክ፤ ግብሩ ሲጨመርበት ከአቅምህ በላይ ሆነ። አሁን የምታጸዳው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ታድራለህ። እንዳትናገር ቃል አስገብተሃት ነበር። አትቆጣት፤ የእማዬ ምስጋና ነው ያናገራት።

 እማዬ ሳህኖቹን አንስታ ጓዳ ገባችና ውሃውን ከፍታ ቆየች፤ ብሄድ አንድም የታጠበ ሳህን የለም። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው ከኋላ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ፅጌ «ለኔም ልጅ እንደዚያ አድርገሽ ጸልዪልኝ» ብላ እጇን ብትይዛት፣ እጇን አስለቅቃ ወጣች። ስትጸልይ ስምህን ትጠራና ዝም ትላለች። ምን ብላ ትለምን? የለመነችው ተሰጥቷታል።

እኔ ግን ተናድጄብሃለሁ። «ቤት አጣሁ» ማለት እንዴት አቃተህ? ይህንን እንኳ አሳስተን አንሰማውም ነበር። ሳለቅስ ደግሞ ንዴቱ ይጠፋብኛል። ና በቃ። በረዶው ሳይብስ ና። ኮንዶሚኒየሟ እንደምታውቃት ጠባብ ናት፤ ራዕይ ከእማዬ ጋር ልትተኛ ተስማምታ አልጋዋን ላንተ አንጥፋልሃለች። ባዶ እጄን እንዴት ብለህ አትፈር፣ የሰዉን ወሬ ለኔ ተውልኝ። እንደማትመጣ ልቤ ቢነግረኝም አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

ማኑሄ በጣም ሰላም ይልሃል፤ ወፍራም ካልሲ ገዝቶ ለሔለን ሰጥቷታል። ራዕይ ሰላም ትልሃለች፤ ምድጃው እየነዱም ይሠራል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። እትዬ ፅጌ ምንም ሳታውቅ ሰላም ብላሃለች። እማዬን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ቤቱን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ በይው» አለች። ወዲያው ደግሞ «ተይ፣ አትጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩት።

ደብዳቤውን የምታደርስልህ ሔለን ናት። ፖስታው ላይ ስምህን ጻፍኩና እንደ ልማዴ ከሥሩ የቤትህን አድራሻ ልጨምር ስል እጄ ቆመ። ስምህ ብቻውን ነው ያለው።

እህትህ ምህረት ወልደሰንበት
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.