ልሳነወርቅን ፍለጋ በቦሎኛ ቡና ቤቶች

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ እትዬ እታለማሁ፣

እንደምን ከርመዋል? ያ ጉልበትዎ በጥቅምቱ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ጋሽ ወንድይራድስ ዓይናቸውን ከተሠሩ ወዲህ መነጽር ተዉ ወይስ አሁንም በየመደርደሪያው ሲፈልጉት ይውላሉ? ልጅዎ ኖላዊስ ትምህርቱ ሰመረለት? የናዝሬት አቧራ ሳልዎን እንዳይቀሰቅስብዎ ሁልጊዜ እሰጋለሁ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ አምሃ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እየተመላለሰ ይሠራል፤ ወገቤን ይላል እንጂ አንድ ቀን አልቀረም። እኔም እንደሚያውቁት ፌርፋክስ ውስጥ የተማሪ ባስ እነዳለሁ። ሰሊና ኮሌጅ ገብታለች። የእርስዎን ፎቶ ለጓደኞቿ ስታሳይ «ማይ ግራንድማ» ትላለች፤ አክስትሽ ናቸው ብላት አትሰማኝም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉን እርስዎ ስለሆኑ እኔም መከራከሩን ትቼዋለሁ።

እትዬ፣ ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ሞክሬ አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ስለዚህ ጽፌ በብሩክታይት እጅ ላክሁት። ተቀምጠው ያንብቡት፤ መርዶ አይደለም። ልሳነወርቅን አገኘሁት። ወንድማችን በሕይወት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሩክታይት ስፕሪንግፊልድ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት። በክረምቱ ለዘመድ ሠርግ ጣሊያን፣ ቦሎኛ የሚባል ከተማ ሄዳ ነበር። ስትመለስ፣ «አሮጌው ከተማ ውስጥ ማኪያቶ ልጠጣ ገብቼ፣ በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ የጠቀለለ ሰው አየሁ። ፎቶው ቤትሽ የተሰቀለውን ወንድምሽን መሰለኝ። በስሙ ብጠራው ተነሥቶ ወጣ» አለችኝ። ሚላኖ የነበረበትን ቤት ለቆ፣ ስልኩንም ለውጦ ከጠፋብን ስድስት ዓመት ሆኖት የለ? የቡና ቤቱን ስም ብጠይቃት አታስታውሰውም። እንደዚያ ያለ ማኪያቶ ግን በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም አለች።

እሱ ነው አልኩ። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቡና ማሽን ላይ በሚሠራበት ጊዜ፣ ቡናው ያረረበት ቤት ጓደኞቹ ቢጋብዙት እንኳን አይቀመጥም ነበር። የከተማውን ደህና ደህና ቡና ቤት ሁሉ ብዞር ከአንዱ አላጣውም ብዬ ቆረጥሁ። አምሃ ሰው በማኪያቶ ይፈለጋል ወይ ብሎ ሳቀብኝ፤ ትኬቱን የገዛልኝ ግን እሱው ነው። በኅዳር፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄድሁ።

ቦሎኛን ምን ብዬ እንደምገልጽልዎ አላውቅም። ከተማው በሙሉ አንድ ረጅም በረንዳ ነው። ከቤት ቤት፣ ከመንገድ መንገድ በቅስት የተያያዘ፤ ዝናብ ቢዘንብ ጥላ አያስፈልግም። ግድግዳው የቀይ አፈር መልክ አለው። በኅዳር ጭጋግ ይወርድበትና ከፊት ከፊትዎ የሚሄደው ሰው ኮቴው ብቻ ይሰማል እንጂ አይታይም። በዚያ በረንዳ ሥር ስሄድ ከእንቅልፌ ሳልነቃ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። የሰው ንግግር እንኳን እንግዳ ሆኖ ሳለ እየቆየ የማውቀው ቃል ብልጭ ይልብኛል። ፉርኖ፣ ባንኮኒ፣ ጎሚስታ፤ ከልጅነታችን የማውቃቸው። ዓረፍተ ነገር ግን አይሆኑልኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሰሊና ስልኬ ላይ የጫነችልኝን ሊስት ይዤ ታላቁ አደባባይ ዙሪያ ያሉትን ስመ ጥር ቤቶች አዳረስሁ። መስተዋታቸው ወርቅ የተቀባ፣ አሳላፊው እንደ ሚኒስትር የለበሰ፤ ቡናው ግን ያረረ። የሚቀመጠው ሁሉ እንደኔ መንገደኛ ነው። ማታ ለሰሊና ደውዬ ተስፋ ቆረጥሁ ብላት፣ «ማሚ፣ ጀስት አስክ ዘም፤ እነሱ ራሳቸው የት ነው የሚጠጡት?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በማግስቱ አንዱን ሽማግሌ ቡና አፍይ በምልክት፣ አንተ የት ትጠጣለህ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና በር ድረስ ወጥቶ በጣቱ አሳየኝ። እዚያም ስደርስ እንዲሁ ጠየቅሁ። እየተቀባበሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሰደዱኝ። አንዱ ቤት ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ አንዱ መጽሐፍ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ሲከፍቱ ከሥር ወንዝ የሚታይበት። ማን ያስባል በድንጋይ ከተማ መሐል ወንዝ እንዳለ! ሰዉ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ በሁለት ጉንጭ ጨልጦ ይሄዳል። የድሮ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልደብቅዎትም፣ ፍለጋው ባያልቅ ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ነበር። ባገኘው በምን ሁኔታ እንደማገኘው ፈርቼ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠባብ፣ ስም ያልተጻፈባት ቤት ላኩኝ። ማኪያቶውን ፉት ስል ብሩክታይት ያለችው ይህን መሆኑን አወቅሁ። ለቡና ቤቷ ባለቤት ፎቶውን አሳየኋት። ሴትዮዋ አየችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ወንበር ሳበችልኝ። ቆዪ ማለቷ ነበር። ብዙም ሳልቆይ በሩ ተከፈተና ገባ።

ሸብቷል እትዬ። ቀጭን ነው፤ ሻርፑ አለ። ሲያየኝ ወደ ኋላ ሊመለስ አለ። «ልሴ» አልኩት፣ እርስዎ እንደሚጠሩት። ቆመ። መጥቶ አቀፈኝ፣ ግን አይናገርም። ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። እትዬ በየበዓሉ ሳህንህን እያስቀመጠች፣ አንተ እዚህ ቡና ትጠጣለህ ወይ ብዬ ሰው ፊት ጮኽሁበት። ሻርፑን ፈታ። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ። ጣቱን ጫን አደረገበትና በትንፋሽ፣ «ድምፄን ወሰዱት» አለኝ።

የጉሮሮ ነቀርሳ ነበር። ቆርጠው አወጡለት፤ አሁን ሐኪሞቹ ድነሃል ብለውታል። የቡና ማሽን እየጠገነ ይኖራል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራው ነገር ብዙ ማውራት ስለማይጠይቅ ተስማምቶታል። ለምን አልነገርኸንም ስለው፣ እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ የምታውቀው ያን ድምፄን ነው። በዚህኛው እንዴት ብዬ ልጥራት?»

እጁን ይዤ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋም ሳንጠይቃት ሌላ ማኪያቶ አመጣችልን።

ከዚያ በኋላ ያጫወተኝን ይስሙ። በየበዓሉ ይደውልልዎታል። «ሃሎ፣ ማነው? ሃሎ» ሲሉ ሰምቶ ይዘጋል። ባለፈው ፋሲካ፣ ይሄ ኔትዎርክ እያለች ለጋሽ ወንድይራድ ስታማርር ሰማኋት ብሎ ሳቀ። ሳቁም ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው።

የቀሩኝን ቀናት አብረን ዞርን። ያገሩን ቡና ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ማሽኑን የጠገነበት ቤት ስንገባ ሂሳብ አይቀበሉንም። ወደ እኛ ና ስለው፣ ወይም ናዝሬት ሄደህ እትዬን እያት ስለው፣ ገና ነኝ አለ። አላስገደድሁትም። ለእርስዎ እንድነግርዎ ግን ፈቀደልኝ። ኤርፖርት ስንለያይ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ «አታልቅስ በያት» አለኝ። እርስዎ እንደማይሰሙኝ ባውቅም ይኸው ብያለሁ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለገና ስልክዎ ይጮሃል። ሲያነሡት ማነው አይበሉ፤ ስሙን ይጥሩት። ከዚያ ያውሩለት። ስለ ጓሮዎ ፓፓያ ያውሩለት፣ ጎረቤትዎ ሉባባ ከግቢው አከራይ ጋር ስለ መጣላቷ፣ ኖላዊ ስለሚያስቸግርዎ፤ ያገኙትን ሁሉ። ደፍሮ ከመለሰልዎ ድምፁ የነፋስ ያህል ነውና ስልኩን ከጆሮዎ ጠጋ ያድርጉት። ካልመለሰም አይዝጉበት፤ እየሰማዎት ነው።

ጋሽ ወንድይራድን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ኖላዊን ሰሊና ለምን አይጽፍልኝም ብላለች ይበሉት። ለሉባባና ለልጆቿ፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አምሃ እጅ ነሥቷል። ብሩክታይት ያመጣችልዎት ሻርፕ ልሳነወርቅ ራሱ የመረጠልዎ ነው።

ታናሽ እህትዎ ስሂን
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.