ስለ ታጠበው ብርጭቆ ለአስከሬን ምርመራ ቢሮ የቀረበ ምስጋና

ለከተማችን የአስከሬን ምርመራ ቢሮ የበላይ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ ዘንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተኛው ሰው ታላቅ እህት ነኝ፤ እኔም ልቤ መምታቱን ስላላቆመ ደህና ነኝ። በቢሮዎ መስፈርት ይህ ሙሉ ጤንነት መሆኑን በቅርቡ ተረድቻለሁ።

እንደሚያውቁት ወንድሜ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሉ ሞቶ ሲገኝ፣ ራስጌው ላይ ተጠጥቶ የተጋመሰ የወተት ብርጭቆ ነበር። ወተቱን ያመጣለት፣ ሽርክናችንን ልታፈርስ ነው ብሎ ሲዝትበት የከረመው የሥራ ሸሪኩ ነው። ቢሮዎ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. ባለሙያዎ ገና ከደጃፉ ሆነው የሞቱ ምክንያት የልብ መቆም ነው ብለው ስለወሰኑ። በዘራችን ልቡ እየመታ የሞተ ሰው ስለሌለ ውሳኔያቸው አያከራክርም።

፪. ቀኑ ሞቃት ነበርና ባለሙያዎ ውሃ ጠማቸው። ሸሪኩም እንግዳ አክባሪ ነውና ያንኑ ብርጭቆ አንስቶ፣ ወተቱን ደፍቶ፣ አለቅልቆ፣ ውሃ ሞልቶ አቀረበላቸው፤ እሳቸውም ጠጥተው መረቁት። በሪፖርታቸው እሱ «ከፍተኛ ትብብር ያደረገ» ሲባል፣ ብርጭቆው እንዳይነካ የለመንኩት እኔ «በሐዘን ብዛት የምትቀባጥር» ተብያለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ ግን የጮህኩት ጅቡ ፊቴ ቆሞ ሳለ ነው።

፫. የቢሮዎ ዘበኛ በር ላይ ቆሜ ሲያየኝ ወንበር ስለሰጠኝ። ይህኛው ምስጋና እንኳ ቅኔ የለውም።

አሁን ሬሳውን ወስደሽ ቅበሪ እየተባልኩ ነው። አልወስድም። ክቡርነትዎ፣ የወንድሜ ሆድ ገና አልተመረመረም፤ እስከማውቀው ድረስ እሱን ያለቀለቀው ሰው የለም። እባክዎ ትእዛዝ ይስጡና ይመርመርልኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ታናሼ ነው፤ ምን እንደገደለው ሳላውቅ አፈር ላለብሰው አልችልም።

መቀስዎ አይዶልዱም፣ ማቀዝቀዣዎ መብራት አይጥፋበት፣ ባለሙያዎችዎንም በሥራ ሰዓት ውሃ አይጥማቸው እያልኩ፣

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
ከዘበኛው ወንበር ላይ፣
የሟች ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ሸሪኩ ብርጭቆውን ያለቀለቀው በችኮላ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎን ሆዳቸውን ቆረጥ ቆረጥ ካደረጋቸው ያሳውቁኝ፤ ከወንድሜ ሌላ የቀረኝ ማስረጃ እሳቸው ናቸው። ክፉ አይንካቸው እንጂ፣ ነገሩ ከባሰ የእሳቸውን ምርመራ ለሌላ ከተማ ቢሮ ይላኩት። እሳቸውም እህት ይኖራቸዋል፤ ልቡ ስለቆመ ነው ተብላ ወደ ቤቷ እንዳትሸኝ።